መብረቅን ባትሪ ውስጥ መክተት ይቻላል? ሌሎች «እብድ» የኃይል ሐሳቦችስ?

#1 ብልጭታ

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ዝናቡ እየወረደ መስኮት ዳር ቁጭ ብዬ ነበር። መብራት ሄዷል። ስልኬ 4 ከመቶ ላይ ነው። ውጭ ደግሞ ሰማዩ በየደቂቃው ቦግ እልም ይላል። «እኔ እዚህ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ያ ሁሉ ኃይል እንዲሁ መሬት ይገባል?» ብዬ ተናደድኩ።

እና ይሄን ክር ከፈትኩ። ሶላር፣ ግድብ፣ የንፋስ ተርባይን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ የምፈልገው ወጣ ያሉትን ነው። ከመብረቅ፣ ከጠፈር፣ ከባሕር ሆድ፣ ከሌሊት ጨለማ፣ ከየትም ይሁን። ሰው ሲሰማው «ወይ ጉድ» የሚለው ዓይነት። ብቻ ቁጥር ይዛችሁ ኑ። ባዶ «ይቻላል» አልሰማም። ባዶ «አይቻልም»ም እንደዚያው።

#2 የሒሳብ ደብተር

ቁጥር ካልክ መጣሁ።

አንድ ጠንከር ያለ መብረቅ በግምት 1 ቢሊዮን ጁል ይይዛል። ሲሰሙት ያስደነግጣል። በቆጣሪ ቋንቋ ሲመለስ ግን ወደ 280 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ ቤተሰብ በአንድ ወር ገደማ ይጨርሰዋል። ያውም አንዲት ጁል ሳትባክን ሁሉንም ብትይዘው ነው። አብዛኛው አየሩን ወደ 30 ሺህ ዲግሪ በማጋልና በማስጓራት ያልቃል። ሽቦህ ጫፍ ላይ የሚደርስህ ትርፍራፊው ነው።

አሁን መላውን ምድር እንውሰድ። በሰከንድ 44 ያህል ብልጭታ አለ። መሬት የሚነካው ሩቡ ገደማ ነው፤ የቀረው እዚያው ደመና ውስጥ ይጨርሳል። 11 መብረቅ በሰከንድ፣ እያንዳንዱ 1 ቢሊዮን ጁል፣ 11 ጊጋዋት ሆነ። የቻይናው ስሪ ጎርጅስ ግድብ ብቻውን 22.5 ጊጋዋት ተተክሎለታል። የምድርን መብረቅ አንድም ሳያመልጥህ ብትለቅመው የአንድ ግድብ ግማሽ አይሞላልህም።

#3 ብልጭታ

ኧረ! ግማሽ ግድብ? እኔ እኮ ዓለምን በሙሉ ያበራል ብዬ ነበር። ሞራሌን ገደልከው።

#4 ጠማማ ሽቦ

አይዞህ ልጄ። ሁላችንም በዚያው በር ነው የገባነው።

ብዙ ዓመት የከፍተኛ ኃይል መስመር ላይ ሠርቻለሁ። የመብረቅ ችግሩ መጠኑ ብቻ አይደለም። ችኮላው ነው። 30 ሺህ አምፔር ያህል ተሸክሞ ይመጣና ዋናው ነገር ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ባትሪ ደግሞ አንገቷ የጠበበ እንስራ ማለት ነው። ቀስ ተብሎ ይንቆረቆርባታል። ጎርፍ ከለቀቅህባት እንስራዋንም ይዟት ይሄዳል።

አንድ ጊዜ የፈነዳ የመብረቅ መከላከያ ልቀይር ወጣሁ። ሸክላው ተሰነጣጥቆ ግማሹ ምሰሶው ሥር ተበትኗል። የመሬት ሽቦው ጫፍ እንደ ሻማ ጠብታ ቀልጦ ተንጠልጥሏል። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ልብ በል፣ ያ ዕቃ የተሠራው መብረቁን ሊያጠራቅም አይደለም። በሰላም ሊሸኘው ነው። ሊሸኘው ሞክሮ እንደዚያ ከሆነ ሊያስረው ቢሞክር ምን ሊሆን ነው?

#5 የሒሳብ ደብተር

ጋሽ ሽቦ ያሉት ላይ አንድ ልጨምር። መብረቅ በብዛት የሚወርድበት ቦታ የቬኔዝዌላው ማራካይቦ ሐይቅ ነው። በዓመት በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 233 ያህል ብልጭታ ተቆጥሮበታል። ሁሉም መሬት ይንካ እንበል። ሁሉንም ሙሉ በሙሉ እንያዝ እንበል። በአማካይ የምናገኘው ከካሬ ኪሎ ሜትሩ 7 ኪሎዋት ነው። ሰባት! ሁለት ሦስት የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው።

ያችው ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ የምታፈሰው 1 ሚሊዮን ኪሎዋት ያህል ነው። ምንም ድምፅ ሳታሰማ። መብረቅ ጯሂ ስለሆነ ሀብታም ይመስለናል።

#6 ጥያቄ አያልቅም

እሺ መብረቁ ይቅር። መብረቅ በሌለበት ቀንስ? ጥርት ባለ ቀን እንኳን አየሩ ውስጥ በየሜትሩ 100 ቮልት ያህል አለ ሲባል አንብቤያለሁ። ቁመቴ 1.6 ሜትር ነው። አናቴና እግሬ መካከል 160 ቮልት አለ ማለት ነው? ታዲያ ለምን አይነዝረኝም?

#7 የሒሳብ ደብተር

ምርጥ ጥያቄ ነው እህቴ። አንደኛ፣ ሰውነትሽ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ አየሩ አያስተላልፍም። ስትቆሚ ልዩነቱ አንቺ ላይ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ቮልቴጅ አለ ማለት ኃይል አለ ማለት አይደለም። ከሰማይ ወደ መሬት የሚወርደው ጅረት በካሬ ሜትር 2 ፒኮአምፔር ገደማ ነው። የአምፔር ሚሊዮንኛ ሚሊዮንኛ ሁለት እጅ። የእግር ኳስ ሜዳ የሚያክል ቆርቆሮ ዘርግተሽ አንዲት አምፖል አታበሪበትም።

መላው ምድር ላይ ሲደመር ከ1 ሺህ አምፔር በላይ ይሆናል። በላይኛው አየርና በመሬት መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ወደ 300 ሺህ ቮልት ነው። ስታባዢው ጥቂት መቶ ሜጋዋት። ለዓለም ሁሉ አንድ መካከለኛ ማመንጫ ደረሰ እንበል።

#8 ማግኔቱ

ይሄ ሁሉ ቁጥር ሰውን ለማደናገር ነው። ፈጣሪው ኒኮላ ቴስላ ነጻ ኃይል ከአየር ሊሰጠን ነበር። ማማውን አፈረሱበት። ለምን ይመስላችኋል? ደግሞ ማግኔት በማግኔት የሚዞር ሞተር አለ፣ ቪዲዮ አይቻለሁ።

#9 ጠማማ ሽቦ

ወንድሜ፣ ማማውን እኔም እወደዋለሁ። ግን ታሪኩን አስተካክለን እንያዘው። ማማው፣ ዋርደንክሊፍ የሚባለው፣ መሠራት የጀመረው በ1901 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ባለሀብቱ ጄ. ፒ. ሞርጋን ተጨማሪ ገንዘብ አልሰጥም አለ፤ ሥራው ቆመ። ማማው በ1917 ሲፈርስ ቴስላ ዕዳ ውስጥ ነበር። ከሁሉም በላይ ማማው የታሰበው ለማስተላለፍ ነው። መልእክት፣ በኋላም ኃይል። ኃይሉ የሚመነጨው እንደማንኛውም ጄኔሬተር ነዳጅ ተቃጥሎ ነበር። ሽቦ የሌለው መስመር እንጂ ምንጭ አልነበረም።

የማግኔት ሞተሩን ቪዲዮ ጠረጴዛው ሥር ያለውን እስክታይ ድረስ አትመነው። እኔ አንዱን ፈትቼ 9 ቮልት ባትሪ አግኝቼበታለሁ።

#10 አወያይ

ዘላለማዊ ማሽን የራሱ ክር አለው፣ እዚያ ቀጥሉ። እዚህ ምንጩ የሚታወቅ ነገር ብቻ።

#11 ምሕዋር

በቃ ወደ ላይ እንውጣ። ፀሐይን እዚህ ታች ሆነን የምንጠብቃት ምን ቆርጦን ነው? ሌሊት አለ፣ ደመና አለ፣ አቧራ አለ። ከአየሩ በላይ ግን በካሬ ሜትር 1,361 ዋት ይወርዳል። 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል ስለምትዞር አንድ ቦታ የቆመች ትመስላለች። ከዓመቱ 99 ከመቶ በላይ ፀሐይ ላይ ናት። እዚያ ሰፊ ሶላር ትዘረጋለህ፣ ኤሌክትሪኩን ወደ ማይክሮዌቭ ቀይረህ ወደ ታች ትልካለህ፣ መሬት ላይ ያለ አንቴና ተቀብሎ መልሶ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል። ፒተር ግሌዘር የተባለ መሐንዲስ በ1968 ነው ያቀረበው። በ1973 ፓተንት ወስዶበታል።

ወረቀት ላይ ብቻም አልቀረም። በ1975 ካሊፎርኒያ ጎልድስቶን ላይ ከትልቅ ሳህን አንቴና የተላከ ማይክሮዌቭ 1.54 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከ30 ኪሎዋት በላይ ኤሌክትሪክ ሰጥቷል። በ2023 ደግሞ ካልቴክ የተባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያመጠቀው ትንሽ መሣሪያ ከምሕዋር የላከው ጨረር ፓሳዴና ባለው ሕንፃቸው ጣሪያ ላይ ተለክቷል።

#12 የሒሳብ ደብተር

«ተለክቷል» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ቤት አበራ አልተባለም።

ችግሩ ይሄ ነው። ጨረር ርቆ በሄደ ቁጥር ይሰፋል። የእጅ ባትሪህን ግድግዳ ላይ አብራና ወደ ኋላ ተራመድ፣ ታየዋለህ። 2.45 ጊጋኸርትዝ ማይክሮዌቭ ከዚያ ከፍታ ብትልክ፣ ሳተላይቷ ላይ ያለው አንቴና 1 ኪሎ ሜትር ስፋት ኖሮት እንኳን መሬት ላይ የሚያርፈው ክብ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ትንሽ አድርገህ መጀመር አትችልም ማለት ነው። አንቴናውን ካሳነስከው ክቡ ይባስ ይሰፋል። ወይ ግዙፍ አድርገህ ትሠራለህ፣ ወይ ትተወዋለህ። ሌላው ቴክኖሎጂ ሁሉ ግን ከትንሽ ተነስቶ ነው ያደገው። የመጀመሪያው ሶላር ሴል እጅ መዳፍ ላይ ይቀመጥ ነበር።

ናሳ በ2024 መጀመሪያ ያወጣው ጥናት ደግሞ መሬት ላይ ካለው ታዳሽ ኃይል ከ12 እስከ 80 እጥፍ ሊወደድ ይችላል ይላል። የማምጠቂያው ወጪ ከወረደ ሒሳቡ ይቀየራል፤ እሱን አልክድም።

#13 ጥያቄ አያልቅም

ወፎችስ? በጨረሩ መሐል ሲያልፉ አይጠበሱም?

#14 ምሕዋር

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄን ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የተጠናው ንድፍ ላይ ጨረሩ መሐል ለመሐል በካሬ ሜትር 230 ዋት ነው። የቀትር ፀሐይ ሩብ ያህል። ይሞቃቸው ይሆናል እንጂ አይጠበሱም።

ደብተሬ ያልከው ልክ ነው፣ አልከራከርም። ግን እኔን ልቤን የሚነካኝ ሌላ ነው፤ በ1996 የተሞከረው ገመድ። ኮሎምቢያ መንኮራኩር ላይ ሆነው ከኋላዋ ጣሊያን የሠራችውን ሳተላይት በረጅም ሽቦ አስረው ለቀቋት። ሽቦው የእስክሪብቶ ቀፎ እንኳን አይወፍርም፤ 2.5 ሚሊሜትር። ርዝመቱ ግን ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጄኔሬተር ምንድን ነው? ሽቦ በማግኔት መካከል ሲሮጥ። ምድር ራሷ ማግኔት ናት። ሽቦው በሰከንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ያቋርጣታል።

19.7 ኪሎ ሜትር እንደተዘረጋ 3,500 ቮልት ደርሶ ነበር። ከዚያ ተበጠሰ። የሽቦው ልባስ የሆነ ቦታ ላይ ተጎድቶ ኖሮ በዚያች ቀዳዳ ኤሌክትሪኩ ዘሎ ገመዱን አቃጠለው። ሳተላይቷም ገመዷን እየጎተተች ሄደች። ጠፈርተኞቹ በመስኮት እያዩ።

#15 ማግኔቱ

አያችሁ? ነጻ ኃይል! 3,500 ቮልት ከምንም!

#16 ምሕዋር

ከምንም አይደለም ወንድሜ። ከመንኮራኩሯ ፍጥነት ነው የሚቀነሰው። ኤሌክትሪክ በወሰድክ ቁጥር ገመዱ ወደ ኋላ ይጎትታታል፣ ቀስ እያለች ትወርዳለች። ወደዚያ ከፍታ ያወጣት ነዳጅ ነው፣ እሱን ነው በችርቻሮ የምትበላው። ደስ የሚለው ነገር ይሄው ጉዳት ጥቅም አለው። ያረጀች ሳተላይትን ያለ ነዳጅ ለማውረድ ሽቦ መልቀቅ ብቻ ይበቃል። ማመንጫ ሊሆን የታሰበው ፍሬን ሆነ።

#17 ሙቅ ውሃ

ሁላችሁም ሰማይ ሰማይ ታያላችሁ። እስቲ አንዴ ወደ ታች እዩ።

አይስላንድ ውስጥ ክራፍላ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። በ2009 እዚያ 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሊቆፍሩ ተነሱ። 2.1 ኪሎ ሜትር ላይ መሰርሰሪያው ያዘ። ነቀሉት፣ ደግመው ሞከሩ፣ አሁንም ያዘ። ከጉድጓዱ ጥቁር የብርጭቆ ስብርባሪ ይወጣ ጀመር። ማንም ሳያስበው ቅልጥ አለት ውስጥ ገብተው ነበር። ያ ብርጭቆ ማግማ ነው፣ የመሰርሰሪያው ውሃ አቀዝቅዞ ያጠነከረው።

ሌላ ቡድን ቢሆን ዘግቶ ይሄዳል። እነሱ ግን ጉድጓዱን አስተካክለው እንፋሎቱን ለኩት። 450 ዲግሪ! ወደ 36 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ ሊያወጣ የሚችል፣ ከአንዲት ጉድጓድ። የተለመደ ጥሩ ጉድጓድ 5 ሜጋዋት ቢሰጥ ሰው ይደሰታል። በ2012 ግን ላይኛው ቫልቭ ተበላሸና ቀዝቃዛ ውሃ ለቀውበት ተዘጋ። እንፋሎቱ አሲድ አለው፣ የተሟሟ አለትም አለው። ብረት ይበላል፣ ቱቦ ይደፍናል።

የኔ ነጥብ፣ እዚህ ያሸነፈን ኃይሉ ማነሱ አይደለም። ቫልቭ ነው። ጠንካራ ቫልቭና የማይበላ ብረት። ስለዚህ አይነት ነገር ማንም ክር አይከፍትም።

#18 ጠማማ ሽቦ

አፌን ዝም አሰኘኸው። ዕድሜዬን ሙሉ የሥራ ቀን የሚበላብኝ ትልቁ ማሽን ሆኖ አያውቅም። ማሸጊያ ጎማና ብሎን ነው።

#19 የሒሳብ ደብተር

የክራፍላ ዓይነቱ ግን ዕድለኛ ቦታ ነው። በአማካይ ከምድር ሆድ ወደ ላይ የሚወጣው ሙቀት በካሬ ሜትር አንድ አሥረኛ ዋት እንኳን አይሞላም። ሲደመር 47 ቴራዋት ገደማ ነው፣ ሰው ሁሉ ከሚጠቀምበት ይበልጣል። ግን መላው ምድር ላይ የተረጨ ነው። እሳተ ገሞራ ማለት ሙቀቱን አንድ ቦታ የሰበሰበልህ ማለት ነው።

#20 ሙቅ ውሃ

ባሕሩንም ላንሳው። ሐሩር አካባቢ ላይኛው ውሃ 25 ዲግሪ፣ 1,000 ሜትር ታች 5 ዲግሪ ነው። በዚያ ልዩነት ሞተር ማዞር ይቻላል። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ዳርሶንቫል በ1881 አሰበው፣ ተማሪው ጆርጅ ክሎድ በ1930 ኩባ ማታንዛስ ላይ 22 ኪሎዋት አወጣበት። ማዕበል መጥቶ ቱቦውን እስኪወስደው።

ወንዝና ባሕር ሲገናኙም ኃይል አለ። ጨው ንጹሕ ውሃን ይስባል። መካከላቸው ስስ ሽፋን ብታደርግ ንጹሑ ውሃ ወደ ጨዋማው እየገፋ ግፊት ይፈጥራል፤ በንድፈ ሐሳብ ከ270 ሜትር ከፍታ የሚወርድ ውሃ ያህል። እያንዳንዱ የወንዝ አፍ የማይታይ ፏፏቴ ነው ማለት ነው። ኖርዌዮች በ2009 ቶፍቴ ላይ የመጀመሪያውን ሠሩ። ሻይ የሚያፈላ ያህል አወጣ፣ ከዓመታት በኋላ ተዉት። ሽፋኑ በካሬ ሜትር የሚሰጠው ዋት አላዋጣም። በ2025 ግን ጃፓኖች ፉኩኦካ ላይ ሌላ ከፍተዋል። እነሱ ብልጥ ናቸው። የባሕር ውሃ አጣርቶ የሚያጠጣ ፋብሪካ የሚጥለውን ድርብ ጨዋማ ውሃ ነው የሚጠቀሙት። ጨው በበዛ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። በዓመት ወደ 880 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት።

#21 የሒሳብ ደብተር

በአማካይ 100 ኪሎዋት። ትንሽ ናት፣ ግን ሌሊትም ትሠራለች።

የባሕሩ ሙቀት ላይ ልብ በሉ፤ በ25 እና በ5 ዲግሪ መካከል የሚሠራ ሞተር ፍጹም ቢሆን እንኳን ከሙቀቱ 7 ከመቶ ያህል ብቻ ነው ወደ ሥራ የሚቀይረው። ይሄ የመሐንዲስ ስንፍና አይደለም፣ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ከዚያች 7 ላይ ደግሞ ውሃውን ከ1,000 ሜትር የሚስበው ፓምፕ ድርሻውን ይወስዳል።

#22 ጥያቄ አያልቅም

የሰው እርምጃስ? ሲረገጥ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ የወለል ንጣፍ አለ አይደል? ሕዝብ የሚተራመስበት ቦታ ቢነጠፍ?

#23 የሒሳብ ደብተር

70 ኪሎ ሰው ሲረግጠው ንጣፉ 5 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል እንበል። 3.4 ጁል። የስልክ ባትሪ 54 ሺህ ጁል ገደማ ይይዛል። አንድ ስልክ ለመሙላት 16 ሺህ እርምጃ፣ ምንም ሳይባክን። ደግሞ ያ ኃይል ከየት መጣ? ከሰውዬው ጉልበት። አሸዋ ላይ የመሄድ ያህል ነው። ሳያውቀው ታስከፍለዋለህ።

መኪና የሚረግጠው መንገድም እንደዚያው። ከነዳጁ ነው የምትቀንስለት።

#24 ሌሊት ዘብ

እስካሁን ዝም ብዬ እያነበብኩ ነበር። ሁላችሁም የምትሰፍሩት በግድብ ነው። «ስንት ከተማ ያበራል?» ነው ጥያቄው። ጥያቄውን ለውጡት እስቲ።

ኒው ዚላንድ፣ ኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ሰዓት አለ። ከ1864 ጀምሮ ማንም በእጁ ሞልቶት አያውቅም። የታሸገ አየር ያለበት ሳጥን አለው። ቀን አየሩ ሲሞቅ ይነፋል፣ ሌሊት ሲበርድ ይኮማተራል፣ በዚያ ክብደቱን ወደ ላይ ይጎትታል። የአየሩ ሙቀት በቀን 3 ዲግሪ ገደማ ከተለዋወጠ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ክብደት በ2.5 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። ይበቃዋል። የሙቀት ለውጥ ያነሰ ጊዜ ቆሞ ያውቃል፣ ሲያገኝ ደግሞ ይቀጥላል።

#25 የሒሳብ ደብተር

አላስቻለኝም፣ አሰላሁት። በቀን 0.11 ጁል። በዚህ ስልክ ለመሙላት 1,300 ዓመት ይፈጃል።

#26 ሌሊት ዘብ

አዎ። ሰዓቱ ግን ስልክ መሙላት አልፈለገም።

አሁን የኔን እብድ ሐሳብ ልናገር። ብልጭታ «ከሌሊት ጨለማ» ብለህ ነበር፣ ሳታውቀው ነካኸው። ጥርት ባለ ሌሊት ሜዳ ላይ የቆመ መኪና ጣሪያ ላይ ጠል ሲቋጥር አይተሃል? አየሩ ከዜሮ በላይ ሆኖ ውርጭ ሲሠራስ? ጣሪያው ከአየሩ የበለጠ በርዷል። ምክንያቱም ሙቀቱን በጨረር ወደ ሰማይ ይለቃል፣ ከ8 እስከ 13 ማይክሮሜትር ያለውን የጨረር ዓይነት ደግሞ አየሩ ሳይዘው ያሳልፈዋል። ጣሪያው በቀጥታ ጠፈርን እያየ ነው ማለት ነው። ጠፈር ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ነው። ሁላችንም ራስጌ ላይ በነጻ የተሰቀለ ፍሪጅ አለ።

ሙቅና ቀዝቃዛ ካለ ኃይል አለ። በ2019 ስታንፎርድ የሚገኘው ሻንሁዪ ፋንና ባልደረቦቹ አንድ ጥቁር የተቀባ የአሉሚኒየም ሰሐን ከፔልቲየር (አንዱ ፊቱ ሞቆ ሌላው ሲበርድ ኤሌክትሪክ ከሚሰጥ ጠፍጣፋ ዕቃ) ጋር አገናኝተው ጣሪያ ላይ አወጡት። በካሬ ሜትር 25 ሚሊዋት። ትንሿን ኤል ኢ ዲ አበራች፣ በጨለማ፣ ያለ ባትሪ።

#27 የሒሳብ ደብተር

25 ሚሊዋት? የእኩለ ቀን ሶላር ፓነል 8 ሺህ እጥፍ ይሰጣል።

#28 ሌሊት ዘብ

እኩለ ሌሊትስ ስንት ይሰጣል?

#29 የሒሳብ ደብተር

😄 ተሸንፌያለሁ።

#30 ብልጭታ

ቆይ ቆይ። ይሄን እኔ መሥራት እችላለሁ? ፔልቲየር ከተበላሸ የውሃ ማቀዝቀዣ የነቀልኩት አለኝ። ጋሽ ሽቦ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?

#31 ጠማማ ሽቦ

ሥራው ልጄ። ከመብረቁ ይሻላል፣ ቢያንስ አይገድልህም። ከሥሩ የሚያያዘው ብረት ክንፍ ክንፍ ያለው ይሁን፣ ከአየሩ ጋር እኩል እንዲሞቅ። የላይኛውና የታችኛው ብረት እንዳይነካኩ ተጠንቀቅ። ብሎን ካሰርክበት ሙቀቱ በብሎኑ ይሾልካል። በክር እሰረው።

#32 ሌሊት ዘብ

ሰሐኑን ብርሃን የማይመልስ ጥቁር ቀለም ቀባው። ዙሪያውን በፎም ሸፍን። ከላይ ስስ የምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ ወጥርበት፤ ንፋስ እንዳያሞቀው ነው። መስታወት አታድርግ፣ መስታወት ያንን ጨረር አያሳልፍም። ዛፍና ግድግዳ የሚጋርደው ቦታም አታስቀምጠው። ሰማይ ብቻ ይይ።

የሚወጣው ቮልቴጅ ለኤል ኢ ዲ አይበቃም፣ ማሳደጊያ ሰርኪዩት ያስፈልግሃል። ከ20 ሚሊቮልት ጀምሮ የሚነሱ አሉ።

#33 ብልጭታ

(ከዘጠኝ ቀን በኋላ)

ሪፖርት።

አንደኛው ሌሊት፦ 4 ሚሊቮልት። ደመና ነበር። ተስፋ ቆርጬ ተኛሁ።

ሁለተኛው፦ ግማሽ ደመና። የቮልት መለኪያዬን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ደመናው ራቅ ሲል 31፣ ሲመጣ 9፣ እንደገና ሲሄድ 28። ሰማዩን ቀና ብዬ ሳላይ ከቁጥሩ ብቻ ደመና መኖሩን አውቅ ጀመር። ይሄ ራሱ አንድ ነገር ነው። መሣሪያው ኃይል ባይሰጥ እንኳን የደመና ቆጣሪ ሆኗል።

ሦስተኛውና አራተኛው፦ ንፋስ። ፕላስቲኩ ተቀደደ። ሁለት ንብርብር አደረግኩት።

ትናንት፦ ጥርት ያለ ሰማይ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ 62 ሚሊቮልት። ማሳደጊያውን አገናኘሁት። ምንም። ገልብጬ አገናኘሁት (አዎ፣ ቀይና ጥቁሩን አምታትቼ ነበር)። ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትንሽ ዕቃ) ቀስ እያለ ሞላ፣ ወደ አርባ ሰከንድ ገደማ፣ ከዚያ ኤል ኢ ዲዋ ብልጭ አለች። ጠፋች። ከአርባ ሰከንድ በኋላ እንደገና ብልጭ። እስኪነጋ ቀጠለች። ስሜን ያገኘሁት ገና ትናንት ነው።

መብራት በሄደ ጊዜ ቤቱን አታበራም፣ አውቃለሁ። የበሩን ቁልፍ ቀዳዳ ግን ታሳያለች።

#34 ጥያቄ አያልቅም

እንኳን ደስ አለህ!! ካፓሲተሩ ላይ የሙቀት መለኪያ ብታገናኝ በየሰዓቱ አንድ ጊዜ መለካት ይችል የለ? ሰው በማይደርስበት ቦታ፣ ባትሪ መቀየር በማይቻልበት?

#35 የሒሳብ ደብተር

ይችላል። አሰላሁት። አንድ ልኬት ወስዶ በሬዲዮ ለመላክ ጥቂት ሚሊጁል ይበቃል። የብልጭታ ሰሐን በሰዓት ያንን ደጋግሞ ያወጣል። እኔ ነኝ የምለው፣ አስተውሉ።

#36 ብልጭታ

አንድ ችግር ግን አለ። ዛሬ ጠዋት ስፈታው ፔልቲየሩ ጠርዝ ላይ ውሃ አገኘሁ። ጠሉ እየገባ ነው። ውስጥ ያሉት መዳቦች አረንጓዴ መሆን ጀምረዋል። በምን ልድፈነው?

#37 ጠማማ ሽቦ

በሲሊኮን። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ግን አታድርግ፣ መዳቡን ይበላዋል። የማይሸተውን ፈልግ። ከመቀባትህ በፊት ደግሞ አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አድርቀው።